ሀብት ፍለጋ በሌለ ሰፈር

ዛሬ ከወትሮው ርዕሳችን ወጣ ልበልና ስለ ልጆች ጨዋታ ልጻፍ። ታገሱኝ፣ ሩቅ አልሄድም።

እናቴ ባለፈው እንቁጣጣሽ 80 ዓመት ሞላት። የተወለደችበትን ቀን በትክክል አታውቀውም። «አደይ አበባ ሲፈካ ነው የወለድኩሽ» እየተባለች ስላደገች እኛም መስከረም 1ን ይዘንላታል። እህቴ ልጆቿን ይዛ ከሜሪላንድ መጣች፣ ወንድሜ ከዱባይ። የልጅ ልጆቹ ሲቆጠሩ ዘጠኝ ሆኑ። «በግ ይታረዳል፣ ይበላል፣ ልጆቹ ስልካቸው ላይ ተደፍተው ይውላሉ። ዘንድሮስ ትሬዠር ሀንት እናዘጋጅላቸው» አለች እህቴ። ፍንጭ እየተከተሉ የተደበቀ ነገር የሚፈለግበት ጨዋታ ነው። አንዱ ፍንጭ ወደ ሌላው ይመራል፣ መጨረሻው ላይ ሽልማት አለ። አዘጋጁ እኔ ሆንኩ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ካዛንቺስ ወስጄ ላጫውታቸው ነበር። እናቴ 50 ዓመት የኖረችበት፣ እኛም የተወለድንበት ሰፈር ነው። ስሙ ራሱ ጥሩ ፍንጭ ይወጣዋል፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች መጠሪያ የመጣ ነውና። በ2017 መጀመሪያ ለኮሪደር ልማት መፍረሱን አጥቼው አይደለም። ቢያንስ የበራችንን ቦታ አሳያቸዋለሁ ብዬ ነው። ለቅኝት ሄድኩ። ከኡራኤል ተነስቼ በእግሬ ወጣሁ፣ ወረድኩ። የግቢያችን በር የት እንደነበር መለየት አቃተኝ። የድሮው አድራሻችን ቁጥር አልነበረውም። «ባለሱቁን አልፈህ፣ ውሻ ያለበትን በር ትተህ፣ ቧንቧው ጋ ስትደርስ» ነበር። ባለሱቁም ውሻውም ቧንቧውም ከሌሉ ከየት ይጀመራል?

ልማቱን ልከስ አይደለም። ለሰባት ቤተሰብ አንድ ሽንት ቤት የነበረበትን ግቢ የሚናፍቅ ካለ እዚያ ያልኖረ ሰው ነው። እናቴ አሁን ገላን ጉራ የራሷ ሽንት ቤት አላት፣ በዚህም ደስተኛ ናት።

ስለዚህ ጨዋታውን ወደ እሷ ቤት አዞርኩት። ስምንት ፍንጭ በእንቆቅልሽ መልክ ጻፍኩ። ለምጣዱ «እኔ ጥቁር፣ የምወልዳት ልጅ መላ ሰውነቷ ዓይን» አልኩ። ለጀሪካኑ «ውኃ ሲኖር የምረሳ፣ ሲጠፋ የምፈለግ»። ኮራ ብዬ ለጎረቤት ልጅ ሞከርኩት። በአስራ አምስት ደቂቃ ጨረሰው። ትንሽ ቤት ውስጥ ስንት መደበቂያ ይኖራል?

ይህን ጨዋታ ለቤተሰብ በዓል የምታስቡ ካላችሁ ምክሬ ይኸው ነው፦ ፍንጩን ዕቃ ውስጥ አትደብቁት፣ ሰው ጋ ደብቁት።

እንዲህ አደረግን። ቡና አስፈልቼ እናቴን ስለ ድሮ ጎረቤቶቿ ጠየቅኳት። ምክንያቱን አልነገርኳትም። ስድስት ሰው መረጥኩና እየደወልኩ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቃል አደራ ሰጠሁ። ልጆቹ በዓሉ ዕለት እየደወሉ ቃሉን ይለምናሉ፣ ቃሎቹ ሲገጣጠሙ ሽልማቱ ያለበትን ቦታ ይናገራሉ። የሜሪላንዶቹን ልጆች ከአዲስ አበባዎቹ ጋር ሁለት ሁለት አድርጌ አጣመርኳቸው፣ አማርኛው እንዳያስቸግራቸው። (አስቸገረ። «ቁና» ምን እንደሆነ የአዲስ አበባዎቹም አያውቁም።)

ስድስት ሰው ማግኘት ግን እንዳሰብኩት አልቀለለኝም። ከግቢያችን ሰዎች የተወሰኑት እናቴ አጠገብ ቤት ደርሷቸዋል። ተከራይና ደባል የነበሩት ግን እግራቸው ወደመራቸው ሄደዋል፤ አንዱ ልጁ ጋ፣ አንዷ አራብሳ። የአንዲት ጎረቤታችን ስልክ ደጋግሜ ብደውል አይሠራም። እናቴ ከአርባ ዓመት በላይ ቡና የጠጣችው ከእሷ ጋር ነው። በሰው በሰው አጠያይቄ ልጇን አገኘሁት። ግንቦት ላይ አርፋለች። ይህን ስሰማ ነሐሴ አጋማሽ ነበር።

ድሮ ቢሆን የዕድሩ ጡሩምባ ገና ሳይነጋ ይቀሰቅሰን ነበር። ድንኳኑ ሲተከል ወንበር የሚሸከመው ወንድሜ ነበር። እናቴ ሦስት ወር አልፎ ለቅሶ ደረሰች። ከዚያ ስትመለስ ነጠላዋን እንደተከናነበች ተቀመጠች፣ «ምነው ሳትነግሩኝ» እንኳ አላለችም። ማን ይንገራት? ካሳም ምትክ ቤትም የሚታሰበው ለቤት ነው። ማን ከማን ጋር ቡና ይጠጣ እንደነበር የሚመዘግብ ቅጽ እስካሁን አላየሁም። ይህን መመዝገብ የኛ የልጆቿ ሥራ ነበር፣ እኛም አልሠራነውም።

በዓሉ ዕለት አምስት ፍንጭ ይዘን ጀመርን። እናቴ ነገሩ ሲገባት ራሷ ገባችበት። «እንቆቅልህ» ስትል «ምን አውቅልሽ» ማለት አለባቸው፤ ያልመለሰ ሀገር ይሰጣል። አንዱ የአስራ ሁለት ዓመት ልጅ «አሰብን ሰጠሁሽ!» ሲል ትልልቆቹ እርስ በርስ ተያየን፣ ወንድሜ ሳቁን ያዘው። እሷ ግን አሰብንም ጎንደርንም አልቀበልም አለች። «ካዛንቺስን ስጡኝ።»

የስልኩ ነገር ከሁሉ በለጠ። የድሮው ባለሱቅ ገና «ሄሎ፣ ቃሉን ንገሩን» ሲባል «ደህና ዋሉ የለም? የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ዘጋ። ሁለተኛ ሲደውሉ ልጁ የእናቱን ስም ጠርቶ፣ ጋሼ ብሎ፣ ስለ ጤናው ጠየቀ። ቃሉን ከማግኘቱ በፊት የእህቴን የልጅነት የዱቤ ታሪክ በሙሉ ሰማ። እህቴ ስልኩን ልትነጥቀው ሞከረች።

ሽልማቱ ሙዳይ ውስጥ ነበር፦ ከረሜላ፣ የእንቁጣጣሽ ብር፣ ከሥሩ ደግሞ የእናቴ የዕድር ደብተር። ብሩንና ከረሜላውን ተሻሙ። ደብተሩን ትንሿ ብቻ አገላበጠችው፣ ስሞቹን በጣቷ እየተከተለች። «እነዚህ ሁሉ የት ናቸው?» አለች። እናቴ ከላይ ጀምራ መለሰችላት። ዶሮ ወጡ እስኪቀርብ ግማሽ ገጽ ላይ ደርሰው ነበር።

ለመጪው እንቁጣጣሽ ከወዲሁ ጀምሬአለሁ። አሁን የምንፈልገው ልብስ ሰፊውን ነው። ከግቢያችን ጀርባ፣ በእግር የሚረገጥ ሲንጀር ነበረው፣ የሁላችንንም ዩኒፎርም የሰፋው እሱ ነው። ስልኩን የያዘ አላገኘሁም።