ጠገብሁ ያላለ መንፈስ

ስለ አንዲት ትንሽ ከተማ ምግብ ቤት «መንፈስ አለበት» የሚል ወሬ በሰማን ቁጥር፣ የእኛ የመጽሐፍ ወዳዶች ሐሳብ ወደ ባሕር ማዶ ይሸፍታል። ከፈረንጅ ልብ ወለድና ፊልም የወረስነው ሥዕል ድቅን ይልብናል፤ በእኩለ ሌሊት ሲጢጥ የሚል በር፣ ደሙ ያልተመለሰለት ሟች፣ በመስታወት ውስጥ ሽው የሚል ጥላ። የአገራችን መንፈስ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ዛር ቡናና ዕጣን፣ ጠጕሩ የተመረጠ ዶሮ ይጠይቃል። ቆሌ ሲዘነጉት ያኮርፋል፤ ደም ሲያፈሱለት ይታረቃል። ቡዳ በዓይኑ ይበላል። ሁሉም የሚያንዣብቡት በገበታ ዙሪያ ነው።

ስለዚህም ምግብ ቤት የሚባለው ነገር ራሱ ለአባቶቻችን ትልቅ ድፍረት ነበር። ንጉሥ መጋረጃ ተጋርዶ በሚመገብበት፣ ባላገርም ሲጎርስ ከባዕድ ዓይን በነጠላው በሚከለልበት አገር፣ ገንዘብ ከፍሎ በማያውቁት ሰው ፊት መብላት እንዴት ቀላል ይሆናል? እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ ሰው በገንዘብ መብላትን ስለ ነወረው፣ አጤ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ገብተው አርአያ እንደ ሆኑ ይተረካል።

ከዚያ ወዲህ ምግብ ቤትን በየከተማው ካስፋፉት መካከል የጉራጌ ተወላጆች ከፊት ይጠራሉ። ክትፎ ከእነርሱ ቤት ወጥቶ የአገር ሁሉ ምግብ ሆኗል። የሚደንቀው፣ ስለ ምግብና ስለ መንፈስ ዝምድና ከማውቀው ሁሉ ጥልቅ የሆነው ጥበብም ከዚያው አገር መገኘቱ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ዊልያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በቸሃ ተቀምጦ ያጠናውን በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በኋላም በ1971 ባወጣው ጽሑፍ አስፍሮታል። በቸሃ ተቀብሮ የሚብላላ እንሰት ለዓመታት ይቆያል፤ ጓዳ በቀላሉ አይራቆትም። ይሁን እንጂ ሰው በሰው ፊት ጥቂት ቀምሶ እጁን ይሰበስባል፤ እንግዳን መጋበዝ ግዴታ ሲሆን፣ እስኪጠግቡ መብላት ነውር ነው። በዚህ መካከል አንዳንዱ ሰው፣ ይልቁንም ከድሆች ወገን የሆነ ወንድ፣ ምግብ ይዘጋዋል፤ ሆዱን ይቆርጠዋል። «አውሬ» የሚሉት መንፈስ ያዘው ይባላል። መድኃኒቱስ? ዘመድ አዝማድ ይሰበሰባል፤ በሽተኛው ነጭ ኩታ ይከናነባል፤ በቅቤ የራሰ የእንሰት ምግብ ይቀርብለታል፤ እርሱም ያለ እፍረት ይሰለቅጠዋል፤ መንፈሱ በአንደበቱ «ጠገብሁ፣ ጠገብሁ» እያለ እስኪተነፍስ ድረስ።

ውድ አንባቢ፣ እዚህ ላይ ቆም በል። ድሃው «ራበኝ» ማለት አይችልም፤ ክብሩ አይፈቅድለትም። መንፈሱ ግን ይችላል። መንደሩም ድሃውን ሳያሳፍር መንፈሱን ያበላል። ይህን «ኋላ ቀር እምነት» ብሎ ለሚጥለው ወገን የምለው አለኝ፤ አንዳንዴ አጉል እምነት የምንለው ነገር ሰውነትን የሚያድን ጨዋ ቋንቋ ነው።

እስቲ ይህን ይዘን ወደ አታት እንምጣ። በቸሃ ምድር፣ ከወልቂጤ ወደ እምድብር በሚወስደው መንገድ ያለችው ይህች ትንሽ ስፍራ የምትታወቀው እ.ኤ.አ. በ1969 በካቶሊክ ደናግል በተመሠረተው ሆስፒታሏ ነው። የመውለጃቸው ቀን የተቃረበ እናቶች ከየገጠሩ መጥተው የሚጠብቁበት ማረፊያ በዚያ ከተከፈተ አርባ ዓመት አልፎታል። በሆስፒታል ጥግ ያለ ምግብ ቤት የአስታማሚ መቀመጫ ነው፤ ገሚሱ የልደት ዜና ይጠብቃል፣ ገሚሱ መርዶ ይፈራል። ለመድኃኒት ከፍሎ ኪሱ የተራቆተ ሰው ሻይ ብቻ አዝዞ የሌላውን ትሪ በዓይኑ ይከተላል። እንዲህ ባለ ቤት መንፈስ አለ ቢሉኝ አልከራከርም። ስሙንም አውቀዋለሁ፤ ራብ ይባላል።

የምከራከረው ከሌላው ወሬ ጋር ነው። በትንንሽ ከተሞቻችን ምግብ ቤት ከፍታ የምታድር ሴት ከዚህ ወሬ ማምለጫ የላትም። ደንበኛ ቢበዛላት «መተት ቀብራ ነው» ትባላለች፤ ቢርቃት «ቆሌዋን ተገፋ ነው» ይሏታል። ሁለቱም ፍርዶች ያለ ከሳሽ፣ ያለ ምስክር ይሰጣሉ። ተፎካካሪ ይጠቀምበታል፤ አከራይ ይሰጋበታል፤ ዕዳው ግን የእርሷና የልጆቿ ነው። እኛም ተረት ወዳዶቹ ታሪኩ ስለ ጣፈጠን ብቻ እየተቀባበልን እናራባዋለን። የአውሬው ሥርዓት የተራበውን ሰው ወደ ገበታ ይጠራዋል፤ ይህ ወሬ ግን አብሳዪቱን ከገበታዋ ያባርራታል።

አፈርሳታ የሚባለው የቀድሞ ሥርዓት ከዚህ ይሻል ነበር። ጉራጌ ያፈራቸው ደራሲ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም እ.ኤ.አ. በ1969 «ዘ አፈርሳታ» በሚል ርእስ ባሳተሙት የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ፣ የአንድ ሰው ጎጆ ተቃጥሎ አገሬው አጥፊውን ለማወቅ በሜዳ ሲሰበሰብ ያሳዩናል። ሥርዓቱ ጕድለት አያጣውም። ቢሆንም የሚናገር በፀሐይ ይናገራል፤ የሚከሰስም መልስ የሚሰጥበት ቦታ አለው። የምግብ ቤቱ ወሬ ግን በሹክሹክታ ተወልዶ በሹክሹክታ ይፈርዳል።

አበው «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ይላሉ። መንፈሱ ከተረታችን ይውጣ አልልም፤ ተረታችን ያለ እርሱ አልጫ ይሆናል። ሁለት ነገር ግን እንማማር። ታሪኩን ስናወራ የሕያዋን ሴት ስም ከላዩ እናንሣለት። «እዚያ ቤት መንፈስ አለ» ሲሉንም፣ ከመሸሻችን በፊት እንጠይቅ፤ ምን አምሮት ይሆን? ማንስ ነው በዚያ ደጃፍ ጠገብሁ ማለት ያቃተው?