ዕጓለ ቋዓት የሚታሰቡበት ክረምትና የወጣቶች አገልግሎት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች፣ ትምህርት ሲዘጋ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት የምትሹ ብዙዎች ናችሁ። ከእናንተ መካከል እንስሳትን የሚወዱ የ13 እና የ14 ዓመት ልጆች «መካነ አራዊት በሌለባት በተበላ ለእኛ የሚሆን ምን ሥራ አለ?» ይላሉ። አንዳንድ ወላጆችም ከብት መንከባከብን የእረኛ ሥራ እንጂ መንፈሳዊ አገልግሎት አድርገው አያዩትም። ሁለቱም አሳብ ሊታረም ይገባዋል።

ቤተ ክርስቲያናችን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ባለው ዘመነ ክረምት ውስጥ፣ በነሐሴ ወር «ዕጓለ ቋዓት» እና «ዓይነ ኵሉ» የተባሉትን ታስባለች። ዕጓለ ቋዓት ማለት የቁራ ጫጩቶች ማለት ነው። አባቶቻችን እንደሚያስተምሩን፣ ወላጆቻቸው የተዉአቸው እነዚህ ጫጩቶች ወደ ፈጣሪ ይጮኻሉ፤ እርሱም ይመግባቸዋል። ዓይነ ኵሉ ደግሞ የፍጥረት ሁሉ ዓይን እግዚአብሔርን ተስፋ እንደሚያደርግ ያስገነዝበናል። ቤተ ክርስቲያን በዝማሬዋ ለቁራ ጫጩት ስፍራ ከሰጠች፣ እኛ በክረምት መርሐ ግብራችን ለእንስሳት ስፍራ የምንነፍገው ስለ ምንድን ነው?

ጠቢቡ ሰሎሞን ለእንስሳ መራራትን የጻድቅ ምልክት አድርጎታል (ምሳ 12፥10)። ኦሪትም ከሸክሙ በታች የወደቀውን የጠላት አህያ እንኳ ትቶ ማለፍን ትከለክላለች (ዘጸ 23፥5)። ልብ በሉ፤ አህያውን ለማንሣት ከባለቤቱ ጋር ጎን ለጎን መቆም ግድ ነው። ስለዚህ ለእንስሳው የተደረገው ምሕረት ለሰውም ዕርቅ ይሆናል።

አገልግሎቱ ሩቅ አይደለም። ልጆቻቸው ወደ ከተማ የሄዱባቸው አረጋውያን በየሰፈራችን አሉ። ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ለላማቸው ሣር እጨዱ፤ ውኃ ቅዱ፤ በረቱን ጥረጉ። እምነታቸው ከእኛ የተለየ ቢሆንም አትለፏቸው። በገበያ ቀን ጀርባው የተላጠ አህያ ስታዩ ባለቤቱን አትስደቡት፤ ቁስሉ እስኪሽር ጭነቱን እንዲያሳርፈው በትሕትና ለምኑት፤ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሲወስደውም አብራችሁት ሂዱ። ወደ ዓባያ ሐይቅ በሚወርደው ቆላ ገንዲ የተባለው በሽታ ከብቱን ያከሳል። በሬው የታመመበት ገበሬ እርሻው ይስተጓጎላል፤ ከብቱን ወደ ሕክምና የሚነዳለት ልጅ ቢያገኝ ቀላል እርዳታ አይደለም።

ሁለተኛው መስክ የሁምቦ ተራራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የአካባቢው ማኅበረሰብ ከወርልድ ቪዥን ጋር የጀመረው ሥራ፣ 2,728 ሄክታር የተራቆተ መሬት እንዲያገግም አድርጓል። አብዛኛው ደን የበቀለው አዲስ ችግኝ በመትከል ሳይሆን፣ የተቆረጡት ዛፎች ጉቶ ሲያቆጠቁጥ በመጠበቅና በመግረዝ ነው። ከብት ወደ ደኑ እንዳይገባ ተከለከለ፤ ሣሩም እየታጨደ ይሰጠው ጀመር። ዛፍ ሲመለስ ወፍ ማደሪያ ያገኛል። እንስሳትን የሚወድ ወጣት ማደሪያቸውንም ይጠብቃል።

ይሁን እንጂ ፍቅር ያለ ጥንቃቄ አይሁን። የእብድ ውሻ በሽታ ገዳይ ነውና የማታውቁትን ውሻ አትንኩ። ወላጆቻችሁን ሳታስፈቅዱ፣ ብቻችሁንም አትሂዱ። በጾመ ፍልሰታ ቅዳሴው ቀን ላይ ስለሚገባ ማለዳው ለዚህ ሥራ ይበቃል።

የሰንበት ትምህርት ቤት አመራሮች ሆይ፣ በመጪው ክረምት እነዚህን ልጆች በቡድን መድቡ፤ በዕድሜ የሚበልጥ ኃላፊም ስጧቸው። ወላጆችም ልጃችሁ ልብሱ እበት ነክቶት ሲመለስ አትቈጡት። ነቢዩ ዳዊት ለመንግሥት የተጠራው በጎችን ከመጠበቅ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።