በጀቱ ግቢው ውስጥ ቀረ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ተነገረ። ወሩ ሳያልቅ ተማሪዎች ሻንጣቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ተሸኙ። ብዙ ግቢዎች ለይቶ ማቆያ ሆኑ። ልክ ነበር፤ የሰው ሕይወት ይቀድማል። እኔን ያኔም ዛሬም የሚከነክነኝ ሌላ ነው፦ ተማሪው ሲሄድ በጀቱ አብሮት አልሄደም።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በጀት የሚሠራው ተማሪው ግቢ ውስጥ አለ ተብሎ ነው። ምግብ፣ መኝታ፣ ውሃ፣ መብራት። ያኔ ለአንድ ተማሪ ምግብ የሚያዘው በቀን 15 ብር ነበር። ትንሽ ናት። ግን ተማሪው ቤቱ ሲገባ እሷም የለችም። እኔ ባስተማርኩበት ግቢ ያቺን ብር ወደ ሞባይል ዳታ የሚቀይር አሠራር አልነበረም።

ለድህረ ምረቃ ተማሪዎች «በኢንተርኔት ይቀጥል» ተባለ። በተግባር ምን ነበር? መምህሩ በራሱ ስልክ ቴሌግራም ግሩፕ ይከፍታል፣ ፒዲኤፍ ይጭናል፤ ተማሪው በራሱ ካርድ ያወርዳል። ካርድ መሙያ ያጣው ቀረ። ኔትወርክ ፍለጋ ዳገት የሚወጣውም ቀረ። ሰኔ መጨረሻ ላይ ደግሞ ኢንተርኔቱ ራሱ ለሳምንታት ተዘጋ።

እኛ የመንግሥት መምህራን ደመወዛችን አልተቋረጠም፤ ይሄን ሳልናገር ማለፍ ነውር ነው። የግል ኮሌጅ ባልደረቦቻችን እንጀራ ግን በተማሪው ክፍያ ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

«ድሃ አገር ምን ታድርግ?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። አሜሪካ በዚያው መጋቢት ባወጣችው ሕግ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ 14 ቢሊዮን ዶላር መደበች፤ ተቋማቱም ከሚደርሳቸው ቢያንስ ግማሹን ለተማሪው በእጁ እንዲሰጡ አዘዘች። ገንዘቡን አንችለውም። ደንቡን ግን እንችለዋለን። «ግቢ ሲዘጋ ለተማሪው የተያዘው ብር ተማሪውን ይከተል» የሚል አንድ አንቀጽ ዶላር አይጠይቅም።

ይሄን የማነሳው ለትዝታ አይደለም። ከኮቪድ በኋላም በጦርነት የተዘጉ ግቢዎችን አይተናል። ቀጣዩ መዘጋት መቼ እንደሚመጣ ባናውቅም መምጣቱ አይቀርም። ዛሬ ስለ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝነትና ስለ ክፍያ ስንከራከር ይህቺም አብራ ትነሳ፦ በሩ ሲዘጋ ተማሪው በምን ይማራል? ማንስ ይከፍላል?

በዚያ ዓመት ተማሪ የነበራችሁ፣ እናንተ ጋ እንዴት ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ሁሉንም አነባለሁ።