ቁልፉ ማን ጋ ነው?

ባለፈው ወር ባለቤቴ ስልክ ቀየረና ፎቶዎቻችን ያሉበትን አካውንት መክፈት አቃተው። የይለፍ ቃሉን ረስቶታል፤ የማረጋገጫ ኮዱ የሚላከው ደግሞ ድሮ ወደተወው ስልክ ቁጥር ነው። የልጃችን የክርስትና ፎቶ በሙሉ እዚያ ነው ያለው። ሦስት ቀን ኩባንያውን ደጅ ጠንተን ተከፈተልን። እኔን ግን እስካሁን የሚከነክነኝ ደጅ መጥናቱ ነው። ፎቶው የራሳችን አይደለም እንዴ?

የእኛ ነው፤ ቁልፉ ግን የኩባንያው ነው። ዛሬ የምንጠቀምባቸው መተግበሪያዎች አብዛኞቹ እንዲሁ ናቸው። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ለ6 ሰዓት ያህል አብረው የጠፉት ሦስቱም የአንድ ኩባንያ ስለሆኑ ነው።

ብሎክቼይን ይህንን ለመቀየር የመጣ አሠራር ነው። የዕቁብ መዝገብ ጸሐፊው ጋ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ቅጂው በየዕቁብተኛው እጅ ቢኖር ብላችሁ አስቡ። አንዱ ደብተሩን ቢደልዝ የሌሎቹ ያጋልጡታል። በ2007 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ኢቴሪየም ደግሞ በእንዲህ ያለ መዝገብ ላይ መተግበሪያ መሥራት አስቻለ። ወደ እኛም ቀርቦ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን ውጤት ካርዳኖ በተባለው ብሎክቼይን ለመመዝገብ ከአንድ የውጭ ኩባንያ ጋር መስማማቱ ተነግሯል። የትምህርት ማስረጃ ለማረጋገጥ ቢሮ ለቢሮ የተንከራተተ ሰው ሐሳቡ ለምን እንደሚያጓጓ ይገባዋል።

ታዲያ እዚህ ደጅ የሚጠናለት ሰው የለም። ቁልፋችሁ ብዙ ጊዜ 12 ወይም 24 ቃላት ነው፤ ከጠፋ «የይለፍ ቃል ረሳሁ» የሚባል ነገር የለም። በ2005 ዓ.ም. አንድ የዌልስ ነዋሪ ወደ 8,000 ቢትኮይን የሚከፍት ቁልፍ ያለበት ሃርድ ዲስኩ ከቆሻሻ ጋር ተጣለበት። ቆፍሬ ላውጣ ብሎ ዓመታት ቢሟገትም ፍርድ ቤት አልፈቀደለትም።

ስለዚህ ልትሞክሩት ካሰባችሁ ቃላቱን በወረቀት ጻፏቸው። ፎቶ አታንሷቸው፣ በቴሌግራም አትላኩ፣ «ከድጋፍ ክፍል ነው» ብሎ ለሚደውል አትንገሩ። ወረቀቱ የት እንዳለ ግን ከእናንተ ሌላ አንድ የቤተሰብ ሰው ይወቅ።

ለቤተሰብ ፎቶስ? ለዚያ ብሎክቼይን አያስፈልግም፤ ከባድ ፋይል እዚያ ማስቀመጥ ውድ ነው። (እኛ የማርኬቲንግ ሰዎች ቃሉን ያላስገባንበት ማስታወቂያ ባይኖርም!) እኔ ሁለት ሃርድ ዲስክ ገዝቼ ሁሉንም ገለበጥኩ። አንዱ ቤታችን ነው፤ ሌላው እናቴ ሳጥን ውስጥ፣ ከጥበብ ቀሚሷ ሥር።