አስታማሚዋ ማን ነው?

ባለፈው ዓመት ክረምት ለሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ገባሁ። አልጋ ይዤ ነርሷ ፎርሙን ስትሞላ «አስታማሚሽ ማን ነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። እናቴ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት፤ ወንድሜ ጅማ ነው፤ ባልም ልጅም የለኝም። 41 ዓመቴ ነው፤ ከዚህ ውስጥ 20ውን በአንዲት ወንጌላዊት አጥቢያ በመዘምራን አገልግያለሁ። ስልኬ በቤተ ክርስቲያን ሰው ቁጥር የተሞላ ነው። ያም ሆኖ «ዛሬ ሌሊት አጠገቤ እደሩልኝ» የምለው ሰው አልመጣልኝም። ባለትዳሮቹን ከልጆቻቸው መለየት ከበደኝ፤ ሌሎቹ እንደ እኔ በጠዋት ሥራ ገቢ ናቸው።

በመጨረሻ መዘምራን ውስጥ ጎን ለጎን ለምንቆም አንዲት እናት ደወልኩ። ባላቸውን ቀብረው ብቻቸውን የሚኖሩ ናቸው። ሳልጨርስ «መጣሁ ልጄ» ብለው ስልኩን ዘጉት። ከቀዶው በኋላ ይሆናታል ብለው አጥሚት በፔርሙዝ፣ ለራሳቸው ብርድ ልብስ በፌስታል ይዘው ደረሱ። ነርሷ «ምኗ ነዎት?» ስትላቸው «እናቷ ነኝ» አሉ። አልዋሹም።

አጥቢያችን ላላገቡ አገልግሎት የላትም ማለቴ አይደለም። በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እንሰበሰባለን። ርእሱ ግን ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፤ የትዳር ጓደኛ አመራረጥ፣ ቅድመ ጋብቻ፣ በንጽሕና መጠበቅ። የ22 ዓመቱ ተማሪ፣ ከቤይሩት ልጅ ይዛ የተመለሰችው እህት፣ ትዳሩ የፈረሰበት ወንድም፣ እኔ፣ ሁላችንም አንድ ትምህርት እንማራለን። ሲያበቃ «ለወግ ለማዕረግ ያብቃችሁ» ተብለን ተመርቀን እንሸኛለን። ምርቃቱን አሜን ብዬ እቀበላለሁ፤ እኔም ስለ ትዳር ጸልያለሁ፣ ዛሬም እጸልያለሁ። የሚያሳዝነኝ ያ ጸሎት እስኪመለስ ድረስ ያለው ዕድሜ እንደ ኑሮ አለመቆጠሩ ነው። የቤት ኪራይ የምከፍለው፣ የምታመመው፣ የማዝነውና ጌታን የማገለግለው በዚሁ ዕድሜ ነው።

አገራችን ብዙውን ነገር የሠራችው በአባወራና በእማወራ ልክ ነው። እድሩ የሚመዘግበው ቤተሰብ ነው። ለፋሲካ ቅርጫ ሲገባ መደቡ የሚታሰበው ለአንድ ቤት ነው፤ ብቻዋን የምትኖር ሴት ግማሽ የሚጋራት ሰው መፈለግ አለባት። ይህን ሰፈሩ ቢያደርገው ይገባኛል። ቤተ ክርስቲያን ግን ያንኑ ስትደግመው ልቤ ይሰበራል። ምክንያቱም የእኛ መጽሐፍ ስለ ላጤ ዝም አላለም። ጳውሎስ ሚስት ሳይኖረው ቤተ ክርስቲያን ተከለ፤ ዛሬ ግን በብዙ አጥቢያ ያላገባ ሰው ለሽምግልና ስሙ አይነሣም።

ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ነው። ወንጌል ወደ አገራችን የመጣበትን ታሪክ ስንተርክ ሠረገላውን፣ ፊልጶስን፣ ውኃውን፣ የንግሥት ህንደኬን ግምጃ ቤት እናነሣለን። ሰውዬው ጃንደረባ መሆኑን ግን እንደ ማዕረግ ስም ቶሎ አልፈነው እንሄዳለን። ሚስትና ልጅ የሚባል ነገር የማይጠብቀው ሰው ነበር። በእጁ የነበረው የኢሳይያስ 53ኛ ምዕራፍ ነው፤ ሦስት ምዕራፍ ቢገፋ ደግሞ እግዚአብሔር ለጃንደረባ በቤቱ ውስጥ ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ ስም እንደሚሰጥ የገባውን ቃል ያገኛል። በሐዋርያት ሥራ ስሙ ሳይጠቀስ በደስታ መንገዱን የሄደው ኢትዮጵያዊ ወላድ አልነበረም። እኛ የምንኮራበት ሰው እርሱ ነው። ዛሬ አጥቢያችን ቢመጣ የትኛው ኅብረት ውስጥ እናስቀምጠው ነበር?

ከሆስፒታል ድኜ ከወጣሁ በኋላ ያስታመሙኝ እኚያው እናት መሪዎቹን አንድ ነገር ጠየቁልኝ፤ የሰፈራችን የቤት ለቤት ኅብረት አንድ ሐሙስ በእኔ ቤት እንዲሆን። እስከዚያ ድረስ ሁልጊዜ ሳሎን ባላቸው ባለትዳሮች ቤት ነበር። የእኔ አንድ ክፍል ኪራይ ነው፤ ሰው ይጠበዋል ብዬ ጠይቄም አላውቅ፣ ማንም አስቦት አያውቅም። መሪው መጀመሪያ አመነታ። እናታችን «ጌታ በተወለደበትስ ቦታ ነበረ እንዴ?» አሉት።

አሥራ አንድ ሆነው መጡ። አራቱ አልጋዬ ጫፍ ላይ፣ ሁለቱ በተገለበጠ ጀሪካን ላይ፣ የቀሩት ከጎረቤት በተዋስኩት በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ቆሎ አዞርኩ፣ ሻይ አፈላሁ፤ ሲኒ ስላነሰኝ ባልና ሚስት በአንድ ጠጡ። አንዱ ወንድም የግድግዳዬን የተሰበረ ሶኬት አየና ቅዳሜ መጥቶ እንደሚሠራው ነገረኝ፤ መጥቶም ሠራው። ሴቶቹ ማድቤቴን አዩ፤ ማን ምን እንደጎደለው የሚታወቀው እንዲህ ቤቱ ሲገባ ነው። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ እኔ ዘንድ ተሰብስበናል፤ የቤቴ ትርፍ ቁልፍም እኚያ እናት ቦርሳ ውስጥ አለ።

በዚያ የመጀመሪያ ሐሙስ ጸሎቱ ረዘመ። ስንጨርስ የአንዷ እህት የአራት ዓመት ልጅ ትራሴ ላይ ለሃጩን አዝረክርኮ ተኝቷል። እናቱ ደንግጣ ልትቀሰቅሰው ስትል እጇን ያዝኩ። «ተዪው፣ ትንሽ ይተኛ» አልኳት። እርሷም ጫማዋን አወለቀችና ሻይ ጨምሪልኝ አለችኝ።