የቆፈረ ይድፈን

የቡታጅራና የወልቂጤ ልጆች፣ አገር ቤትም አዲስ አበባም ያላችሁ፣ ይህ ጥሪ ቤት ለሚሠራ ሁሉ ነው። አሸዋውንና ገረጋንቲውን የምናስጭነው እኛው ነን። ተቆፍሮ የተተወውን ካባ ግን የእኔ ነው የሚል የለም።

በቡታጅራ ዙሪያ ያሉትን ቀያይ ኮረብታዎች እዩ። እሳተ ገሞራ የተፋቸው ናቸው፤ ሐረ ሸይጣን ሐይቅም የዚያው እሳት ሥራ ነው። ኤክስካቫተር ኮረብታውን መቦርቦር ሲጀምር ቀድሞ የሚጠፋው ሣር የበቀለበት የላይኛው አፈር ነው። ከገረጋንቲው ጋር ይጫናል፣ አለዚያም ገደል ይገፋል። ከዚያ በኋላ ችግኝ ቢተከል መጽደቁ ያጠራጥራል። አፈሩ ቀድሞ ለብቻው ተገፎ ቢከመር፣ ቁፋሮው ሲያልቅ ገደሉ ተዳፋት ሆኖ መልሶ ቢለብሰው ግን ቁጥቋጦው ይመለሳል፤ ድኩላውና ቆቁም ተከትለው ይመጣሉ።

አሸዋ የሚዛቅበት የወንዙ ጉዳት ይብሳል። መቂ ከጉራጌ ተራሮች ተነሥቶ ዝዋይ ይገባል፤ ዋቤ ወደ ጊቤ፣ ጊቤም ወደ ኦሞ ይወርዳል። አካፋ በወንዝ ዓሣ ላይ የሚያደርሰውን ለማየት ጣናን እንውሰድ፦ የጣና ነጭ ዓሣ ክረምት ሲገባ ሐይቁን ትቶ ወደ ጉማራና ርብ ይወጣል፤ እንቁላሉንም ንጹሕ ውኃ በሚፈስበት ጠጠር መሃል ይጥላል። ያን ጠጠር አካፋ ከዛቀው ወይም ከላይ የመጣ ደለል ከሸፈነው እንቁላሉ ታፍኖ ይቀራል። የእኛ ወንዞች ዓሣም ከዚህ አያመልጥም። ዝዋይ ላይ መረቡ ባዶ የወጣ አጥማጅ ጥፋተኛውን ሐይቁ ላይ ይፈልጋል እንጂ እኛ ዘንድ አይመጣም። ወልቂጤ አጠገብ ያለው የጊቤ ሸለቆ ብሔራዊ ፓርክ ጉማሬም ጥልቅ ኩሬና ያልተናደ ዳር ይፈልጋል።

ሕጉ አለ። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ሥራው ሳይጀመር የአካባቢ ተጽዕኖው ይጠና ይላል፤ የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ደግሞ ለመሬቱ ማገገሚያ ገንዘብ እንዲመደብ ያዝዛል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣችው ሕግ ከሰል ከገጸ ምድር የሚያወጣ ሁሉ ሳይቆፍር በፊት ማስያዣ ያስይዛል፤ የሚመለስለት መሬቱ ሲያገግም ነው። እኛም ወረዳችንን ይህንኑ እንጠይቅ። ያለ ማስያዣ የተገባ ቃል ከሲኖትራኩ ጋር አብሮ ይሄዳል።

በማኅበር ተደራጅተው አሸዋ የሚያወጡትን ወጣቶች ጠላት አናድርግ፤ እንጀራቸው ነው። ከማስያዣው ተከፍሏቸው ካባውን የሚያስተካክሉትም እነሱ ይሁኑ።

አንችልም የሚል ካለ የመንደራችንን የጋራ መስክ፣ ጀፎረን፣ ይመልከት። ያን ሰፊ መስክ አጥሮ የራሱ እንዳያደርግ ጎረቤትን የሚያስቆመው ፖሊስ አይደለም፤ የሽማግሌ ቂጫ፣ ባህላዊ ሕጋችን፣ ነው። በ1950ዎቹ የመንገድ ሥራ ማኅበር አቋቁሞ፣ ገንዘብ አዋጥቶ መንገድ ያሠራውም ይኸው የጉራጌ ሕዝብ ነው። እንግዲህ ቂጫውን የሚዳኙት የጆካ ሽማግሌዎች ወንዙንም እንደ ጀፎረ ይጠብቁልን፦ ጠጠራማው ዳር ይከለል፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ማንም ወንዝ ውስጥ አካፋ አይንከር። ዕድሮች በየቀበሌያቸው የተተዉትን ካባዎች ይቁጠሩ። ቤት የምታሠሩ፣ ሾፌሩን «ከየት ጫንከው?» በሉት፤ ከዓሣው ጠጠር ከሆነ ይመልሰው።

ለመስቀልም ለአረፋም ስትገቡ ክትፎው ሳይነሣ ይህን ነገር አንሡ። በማግስቱ ሽማግሌዎቹን ይዛችሁ ወደ ወረዳው ማዕድን ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ የካባውን ውል አስነብቡ፣ ማስያዣ ተይዞ እንደሆነም ጠይቁ።