ጌራርሳው ቫይራል ሆነ፣ የገጣሚውስ ስም?

ነቀምቴ ሰርግ ላይ አንድ ሰው ተነስቶ ጌራርሳ ሲያሰማ ስንት ስልክ ነው የሚወጣው? ማታ ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ነው። ስሙ ግን የለም።

ነገሩ የቆየ ነው። ከባርነት ነፃ የወጣችው አስቴር ጋኖ ወደ 500 የሚጠጉ የኦሮሞ ዘፈኖችን፣ ተረቶችን፣ እንቆቅልሾችንና ምሳሌዎችን ከምታስታውሰው ጻፈች። ከፊሎቹ በ1894 እ.አ.አ በወጣው የኦነሲሞስ ነሲብ የኦሮምኛ ማንበቢያ ውስጥ ታተሙ። ኋላ ወለጋ ገብታ ነቀምቴ አስተምራለች። እሷ ባትጽፍ ስንቱ በጠፋ! መጀመሪያ የገጠሙት ሰዎች ስም ግን አልቀረም። ያኔ ምክንያት ነበረ፤ ቃል ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ባለቤቱ ይረሳል። አሁን ፊቱም ድምፁም ስልካችን ውስጥ እያለ ምን እንላለን?

አዲስ አበባ ግጥም በጃዝ ላይ ገጣሚው በስሙ ተጠርቶ ነው መድረክ የሚወጣው። ጌራርሳ የሚያሰማውም እዚያው ይፈጥራል፣ የሰውን ፊት አይቶ ይቀይራል፣ ብቻውን ይሸከመዋል። እሱን ግን «ባህላዊ ትርኢት» ብለን እናልፈዋለን። (ለበዓል ባነር ሲሆን ፎቶው አይጠፋም።)

ስሙ ካልታወቀ ለሚቀጥለው መድረክ ማን ይጠራዋል? ማንስ ይከፍለዋል? ተከታዩ የሚበዛው ለለጠፈው ነው። ስለዚህ ከመለጠፋችሁ በፊት ሰውዬውን ጠይቁት፤ ከፈቀደ ስሙንና ወረዳውን ቪዲዮው ላይ ጻፉለት።